ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?

በየካቲት 1618 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ ቤተ መንግሥቱ ከሮማ በተላከው ፓትርያርክ በአፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ተንበርክኮ ለሮማው ፖፕ እንደሚታዘዝ ማለ። መሳፍንቱም ካህናቱም ተከተሉት። ደንቀዝ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ከማክሰኝት ብዙም በማይርቅ ደጋ ላይ፣ እዚያው ጎንደር ዙሪያ ወረዳ ውስጥ፣ የግንቡ ቅሪት አሁንም ቆሟል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው መንገደኛ ማክሰኝት ላይ ሻይ ጠጥቶ ያልፋል እንጂ ወደዚያ ሽቅብ የሚያይ ጥቂት ነው። ለእግዚአብሔር መታመን ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ክርስቲያን ግን ከዚያ ኮረብታ የበለጠ የሚያስጨንቅ ቦታ በአገራችን አላውቅም።

የሚያስጨንቀኝ ንጉሡ ሃይማኖት መለወጡ ሳይሆን ከልቡ አምኖ መለወጡ ነው። ጴድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ካህን በ1595 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ፣ ግእዝና አማርኛ ተምሮ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ፊት ለፊት ተከራክሯል። ሱስንዮስም እየሰማ፣ እየጠየቀ፣ ቀስ በቀስ ተማረከ። ብዙዎቻችን «ለፖርቱጋል ጦር ብሎ ነው» ብለን እንዘጋዋለን። እሱም ነበረበት። ነገር ግን ለጦር ብቻ ብሎ የገባ ሰው፣ ጦሩ ሳይመጣለት፣ አገሩ ከዳር እስከ ዳር እያመፀበት፣ ያን ሁሉ ዓመት አይጸናም። ሱስንዮስ እግዚአብሔርን የታዘዘ መስሎት ነበር።

በዚያው ዘመን ከንጉሡ ባለሟሎች የአንዱ ሚስት ቤቷን ጥላ ወጣች። ወለተ ጴጥሮስ ትባላለች። አቡነ ስምዖን፣ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው የሚለውን የሮማ ትምህርት አውግዘው በ1609 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ሲገደሉ፣ የሟቹ ጳጳስ ልብስ በባሏ እጅ እንደገባ ሰማች። ከገድሏ እንደምንረዳው ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ አልሆነላትም። ልጆቿ በሕፃንነታቸው ሞተውባት ነበር፤ አሁን ደግሞ ባሏን፣ ሀብቷንና ክብሯን ተወች። መነኮሰች፣ የንጉሡን ሃይማኖት የሚቀበሉትን በአደባባይ ወቀሰች፣ ተይዛ በንጉሡ ፊት ቆመች። ሜንዴዝ ራሱ ሊያሳምናት ሞከረ፤ አልሆነም። ወደ ዠበይ በረሃ ተጋዘች። ስትመለስ በጣና ዙሪያ ማኅበር እየመሠረተች ኖረች፤ በኅዳር 1635 ዓ.ም. ዐረፈች። ቋራጣ እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል፤ ገድሏም ካረፈች ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በግእዝ ተጽፏል።

ሁለቱም ለእግዚአብሔር ታምኛለሁ ባዮች ናቸው። ሁለቱም የሌላውን ትምህርት ሐሰት ብለዋል። እኛ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ሆነን ማን እንደጸና የምናውቀው በምንድን ነው?

አፋችን ላይ የሚመጣው መልስ «የአባቶች ሃይማኖት» የሚል ነው። ይህን መልስ አልንቀውም፤ ብቻውን ግን አይቆምም። ዒዛና አባቱ ያላመነውን አምኗል። አባ ሰላማ ወንጌልን ሲያስተምሩ የሰሟቸው ሁሉ «የአባቶቻችን አይደለም» ብለው ቢመልሱ ኖሮ ዛሬ የምንሟገትለት የአባቶች ሃይማኖት ባልኖረን ነበር። የቆየ ነገር ሁሉ እውነት አይሆንም፤ ከባሕር ማዶ የመጣም ሁሉ ሐሰት አይደለም። ጳጳሳቱም ቢሆኑ ከግብፅ ነበር የሚመጡት።

ሆኖም የደንቢያና የጎጃም ገበሬ፣ የላስታ ባላገር «የአባቶቼን አልለቅም» ሲል ልማድን ብቻ አልነበረም የሚከላከለው። ሜንዴዝ ያዘዘውን እናስብ። ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ ክህነት ይቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ዳግመኛ ይባረኩ፣ የቅዳሜ ሰንበት ይቅር፣ ግዝረት ይቅር፣ ጾሙና በዓሉ በሮማ አቆጣጠር ይሁን ተባለ። ገበሬው ሁለት ባሕርይን ስላጸናው ስለ ኬልቄዶን ጉባኤ ምንም ላያውቅ ይችላል፤ «ዳግመኛ ተጠመቅ» የሚለውን ግን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ጥምቀትህ ጥምቀት አልነበረም ማለት ነው። ታዲያ በዚያው ጥምቀት የሞተችው እናቱ ወዴት ሄደች? ያናዘዛት ካህን ካህን ካልነበረ፣ የቆረበችው ቍርባን ቍርባን ካልነበረ፣ ደጀ ሰላሙ ሥር ያሉት ሙታን ሁሉ ምን ሊሆኑ ነው? ገበሬው በደሙ የመለሰው ይህን ነበር። እግዚአብሔር ለአባቶቼ የገባውን ቃል አላጠፈም እያለ ነበር። ይህ ሥነ መለኮት ነው፤ ከብራና ያልተማረው ሰው የተናገረው ሥነ መለኮት። እንደ እኔ ከሆነ ከአደባባዩ ክርክር ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ መታመን ከሰው ወገን ከመጀመሩ በፊት ከእግዚአብሔር ወገን እንደጀመረ አውቋልና።

በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ የንጉሡ ጦር ያመፁትን የላስታ ገበሬዎች ፈጀ። የሞቱት ስምንት ሺሕ እንደሚደርሱ ተጽፏል። በማግስቱ ባለሟሎቹ ሜዳውን እያሳዩት፣ እነዚህ የወደቁት አረመኔ አይደሉም፣ እስላምም አይደሉም፣ የራስህ ክርስቲያኖች ናቸው አሉት ይባላል። ብዙ ሳይቆይ ሱስንዮስ ዐዋጅ አስነገረ። በዐዋጁ ሃይማኖቱን መልካም ነው ብሎ እንደሰጣቸው፣ ስለዚህ ግን ብዙ ሰው እንዳለቀ፣ ከእንግዲህ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት እንደመለሰላቸው ተናገረ። መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ፤ በመስከረም 1625 ዓ.ም. ሞተ። ኢየሱሳውያን ካቶሊክ ሆኖ እንደሞተ ጽፈዋል። በእኛ ዘንድ ምላሱ ተጎልጉሎ፣ ሃይማኖት ሲመልስ እንደተፈወሰ ይተረካል።

ወደ አንድ መለኪያ የደረስኩት እዚህ ላይ ነው። ለእግዚአብሔር ታምኛለሁ የሚለውን ሰው፣ የመታመንህን ዋጋ የከፈለው ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ወለተ ጴጥሮስ ራሷ ከፈለች። ሱስንዮስ እስከ ወይና ደጋ ድረስ ሌላ ሰው አስከፈለ። ሰው ስለ እምነቱ የራሱን ቤት ሲያጣና የጎረቤቱን ቤት ሲያቃጥል በአፉ የሚጠራው ስም አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚያመልከው ግን አንድ አይመስለኝም። ክርስቶስ መስቀሉን ራሱ ተሸከመ እንጂ በሌላ ትከሻ ላይ አልጫነም።

ይህን መለኪያ ስንወድደው ወደ ራሳችንም መዞሩን መርሳት የለብንም። ኢየሱሳውያን ከተባረሩ በኋላ፣ በ1630 ዓ.ም. ክረምት፣ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት፣ አጋታንጅሎና ካሲያኖ፣ ጎንደር ላይ ተሰቀሉ። እንደ ሱስንዮስ ዘመን በንጉሥ ጦር ተደግፈው አልመጡም። እምነታችሁን ለውጡና ኑሩ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ በገዛ መታጠቂያ ገመዳቸው ታነቁ። ትምህርታቸው ትክክል ነበር አልልም፤ እኔ የወለተ ጴጥሮስ ወገን ነኝ። ነገር ግን ያን ቀን ዋጋ የከፈሉት እነሱ ነበሩ፤ ያስከፈልነው እኛ። በትክክለኛው ሃይማኖት ስም የሱስንዮስን ሥራ ሠራን። የራሳቸው ጸሐፊዎች በኀዘን እንደመዘገቡት ሁሉ የእኛም መምህራን ይህን ቢያስተምሩት እወድ ነበር።

እንግዲህ ዋጋ መክፈል የሰውየውን ጽናት ይመሰክራል እንጂ የትምህርቱን እውነት አያረጋግጥም። ለስሕተት የሞተ ሰው በዓለም ላይ ብዙ ነው። የትምህርቱን እውነት የምንመረምረው በምን ነው?

በዘዳግም አሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ ሙሴ አንድ አስደንጋጭ ነገር ይናገራል። ነቢይ ቢነሣ፣ ምልክት ቢሰጥ፣ ምልክቱም ቢፈጸም፣ ከዚያ ወደ ሌላ አምላክ ቢጠራችሁ አትስሙት ይላል። ምልክቱ አልተፈጸመምና አትስሙት አላለም፤ ቢፈጸምም ነው ያለው። ተአምር የትምህርት ማስረጃ የመሆን ሥልጣኑን እዚያ ላይ ተነጥቋል። የቤርያ ሰዎች ደግሞ ጳውሎስን የሚያህል ሐዋርያ ሲሰብክላቸው፣ የተናገረው እንደዚያ ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት መጽሐፍ ይመረምሩ ነበር፤ ሉቃስም ተጠራጣሪዎች ብሎ አልነቀፋቸውም፣ አመሰገናቸው እንጂ። ከሁለቱ የምረዳው፣ የሚታመን ሰው የሚጠይቅ ሰው መሆኑን ነው። ጥያቄ የማይወድ መምህር፣ ኦርቶዶክስ ይሁን ሌላ፣ ከሚያስተምረው ቃል ይልቅ ጥያቄ አለመውደዱ ራሱ ያሰጋኛል።

የጉባኤ ቤታችን ሥርዓት ይህን ያውቃል። ቁራሽ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ የሚማር ተማሪ መጽሐፉን በ«አንድም» ሲሰማ፣ አንድ ቃል ብዙ መንገድ እንዳለው እየሰማ ያድጋል። የጎንደር ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ተለያይቷል፤ መምህር ኤስድሮስ የታች ቤትን መንገድ ሲያቀኑ ላይ ቤትን መናፍቅ ያለ አልነበረም። ልዩነት ሁሉ ኑፋቄ እንዳልሆነ የሚያውቅ ቤተ ክርስቲያን ኑፋቄ ሲመጣ ለይቶ ያውቀዋል። ሁሉን መናፍቅ የሚል ሰው ግን እውነተኛው ሲመጣ የሚጠራበት ስም አያገኝም።

የሐሰት ትምህርትን መቃወም የራሱ አደጋ አለው። ኢየሱሳውያን ስለ ክርስቶስ መቀባት አጥብቀው ሲጠይቁ፣ ሊቃውንቱ ከዚያ በፊት በዚያ መልክ ያልተናገሩትን መናገር ግድ ሆነባቸው። መልሱም አንድ አልሆነም፤ ቅባት፣ ተዋሕዶ፣ በኋላም ጸጋ እየተባለ ተከፈለ። ጠላት ከወጣ በኋላ ክርክሩ ቤት ውስጥ ቀረ። በዐፄ ዳዊት አድባር ሰገድ ዘመን ጎንደር ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በዚህ ምክንያት ተገደሉ። ጉዳዩ በንጉሥ ጉባኤ የተዘጋው ገና በ1870 ዓ.ም.፣ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ «እነሱ ተሳስተዋል» ብሎ የሚጀምር ሰው፣ «እኛ ምን እንላለን» የሚለውን ሳያጠና ባይጀምር ይሻላል። ስሕተትን በመጥላት ብቻ ወደ እውነት የደረሰ ሰው አላየሁም።

ዛሬ የሐሰት ትምህርት በፓትርያርክ ማዕረግና በጦር አይመጣም። በማይክሮፎን፣ በቴሌቪዥንና በስልክ ይመጣል። ቃሉ የእኛው ቃል ነው፤ ኢየሱስ ይላል፣ ቅባት ይላል፣ አንዳንዴም ቆብ ደፍቶ፣ መቋሚያ ይዞ፣ ባሕታዊ ነኝ ብሎ ጠበል ዳር ይቆማል። ወንጌላውያን ወንድሞቻችንም በየአዳራሻቸው ስለሚነሡ ሐሰተኞች ነቢያት ይጨነቃሉ፤ ሕመሙ የአንድ ቤት አይደለም። መለኪያው እዚህም ይሠራል። ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ነቢዩ መኪና ሲለውጥ የታመመችው ሴት ጉትቻዋን ትሸጣለች። ምልክቱ ተፈጽሞ ቢሆን እንኳ ሙሴ አስቀድሞ መልሶልናል።

ግን ሴትዮዋን አላዋቂ ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ እኔም ያን አልፈልግም። ትምህርተ ሃይማኖት ባለማወቋ ብቻ አይደለም የሄደችው። አልጋ ላይ ሳለች ያ ሰው ስሟን ጠርቶ እጁን ጫነባት፤ ከእኛ ወገን ያን ያደረገ አልነበረም። በየወሩ የሚዞረው የጽዋ ማኅበር ተራዋ ሲደርስ ታማለች ብሎ ዘለላት። የንስሐ አባቷ ለክርስትናና ለተዝካር ካልሆነ ደጇን አልረገጡም። ስለ መናፍቅ በጉባኤ ስንጮህ ከርመን፣ እሷ በምን ሰዓት ብቻዋን እንደቀረች ማኅበርተኛው ሁሉ ማስረዳት አለበት፤ ከሰባኪው በፊት።