አፉና እጁ የተለያየ ድርጅት

ቆሰበር ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው አስፋልት ዳር፣ ድንቹን ይዞ ገበያ የወጣ ገበሬ ለገዢው «አለ» ሲል ምስክሩ ከእግሩ ሥር የተቀመጠው ጆንያ ነው። የሚናገረው አፍ፣ የሚያውቀው ልብና ጆንያውን የሚያነሣው እጅ የአንድ ሰው ናቸው፤ «አለ» ብሎ ከሌለ ዋሽቷል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ነገር የሚወሳሰበው ይኸው ሰው ነግዶ ሲያድግ ነው። እንበልና ከባንጃና ከፋግታ ለኮማ ወረዳዎች ድንች እየሰበሰበ ቆሰበር ላይ ያከማቻል፤ ዳንግላ ሁለተኛ መጋዘን ከፍቷል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ትእዛዝ የምትቀበል የሽያጭ ሠራተኛ ቀጥሯል። ሠራተኛዋ ለአንድ ሆቴል «ሐሙስ 30 ኩንታል ይገባላችኋል» ትላለች። የዳንግላው መጋዘን ጠባቂ ያንኑ ድንች ትናንት ማታ ለሌላ ገዢ አስጭኖታል። ሐሙስ ይመጣል፣ ድንቹ አይመጣም። ማን ዋሸ? ሠራተኛዋ የምታውቀውን ተናገረች፤ ጠባቂው የታዘዘውን ጫነ፤ ባለቤቱ ከሁለቱም አልሰማም። ውሸት አለ፣ ውሸታም ግን የለም።

ውሸታም የሌለው ውሸት እንዴት ያለ ነገር ነው የሚለው ጥያቄ ከሒሳብ ሹም ይልቅ የፈላስፋ ይመስላል። እኔ ግን እያደጉ ያሉ ድርጅቶች ሲአርኤም ከሚባለው የደንበኞች መዝገብ ወጥተው ኢአርፒ ወደሚባለው የተዋሐደ ሥርዓት የሚሻገሩበት ምክንያት እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ሶፍትዌሩን የሚሸጡ ሰዎች ስለ ፍጥነት፣ ስለ ወጪ ቅነሳ፣ ስለ ሪፖርት ያወራሉ። እውነት ነው፣ ግን ሁለተኛ ነገር ነው። የመጀመሪያው ነገር ብዙ ሰው የሆነ አንድ ድርጅት ቃል መስጠት ይችላል ወይ የሚለው ነው።

የሁለቱ ሥርዓቶች የዘር ሐረግ ራሱ ይህን ይመሰክራል። የደንበኞች መዝገብ የተወለደው ከሻጭ አፍ ነው። ሲቤል የተባለው ኩባንያ በ1993፣ ሴልስፎርስ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲመሠረቱ ሥራቸው ሻጩ ማንን እንዳነጋገረ፣ ምን ቃል እንደገባ፣ መቼ መልሶ እንደሚደውል ማስታወስ ነበር። ኢአርፒ ግን የመጣው ከፋብሪካና ከመጋዘን ነው፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጥሬ ዕቃ ፍላጎትን በኮምፒዩተር ከማስላት ተነሣ፣ በ1972 ከአይቢኤም የወጡ 5 መሐንዲሶች ጀርመን ውስጥ ኤስኤፒን መሠረቱ፣ ስሙን ደግሞ ጋርትነር የተባለው አጥኚ ድርጅት በ1990 አወጣለት። አንዱ የአፍ ትዝታ ነው፣ ሌላው የእጅ። በእኛ አገር መካከለኛ ድርጅት ውስጥ ሁለቱም ሌላ መልክ አላቸው፦ ደንበኛው በስልክና በቴሌግራም፣ ዋጋው በኤክሴል፣ ሒሳቡ በፒችትሪ፣ ዕቃው በቢን ካርድ፣ ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22። እያንዳንዱ መዝገብ በራሱ ትክክል ነው። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ስለ አንድ ጆንያ ሦስት የተለያየ ነገር ይናገራሉ፤ ሦስቱንም የጻፉት ሐቀኛ ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ መነኩሴ ላንሣ። ሉካ ፓቾሊ የፍራንሲስካውያን ማኅበር አባል ነበር፤ በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ የጥንድ አመዘጋገብን ዘዴ በዝርዝር ገለጸ፣ ነጋዴዎችም መዝገባቸውን በእግዚአብሔር ስም እንዲጀምሩ መከረ። ዘዴው የእሱ ፈጠራ አልነበረም፤ የቬኒስ ነጋዴዎች ቀድሞም ይሠሩበት ነበር። ግን መነኩሴ ስለ ዕዳና ስለ ክምችት የሚጽፈው ለምንድን ነው? ፓቾሊ የገባው ነገር ያለ ይመስለኛል፦ ሐቀኝነት የልብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ መሣሪያም ይፈልጋል። የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 5 ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን እንዲሆን ይጠይቀናል፤ በምዕራፍ 6 ደግሞ ስንመጸውት ግራ እጃችን የቀኛችንን ሥራ እንዳያውቅ ያዘናል። ሁለተኛው ትእዛዝ ለምጽዋት የተሰጠ ነው። ያደገ ድርጅት ግን ሳያስበው ለሽያጭ ያውለዋል፤ ግራ እጁ የቀኙን ሳያውቅ ውሎ ያድራል፣ በዚህም ምክንያት የመጀመሪያውን ትእዛዝ መጠበቅ ያቅተዋል።

ቃልን በሰው ጨዋነት ላይ ብቻ ሳይሆን በአሠራር ላይ ማቆም እንደሚቻል በአገራችን ጥሩ ማሳያ አለ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር የፈታው ችግር ከድንች ነጋዴያችን ችግር ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ሻጩ ናሙና ያሳያል፣ ደላላው ያማልላል፣ የሚመጣው ዕቃ ግን ሌላ ነው፤ ወይም ዕቃው ይመጣና ገንዘቡ ይጠፋል። የምርት ገበያው ነጋዴዎችን ሰብስቦ ስለ ታማኝነት አልሰበከም። ምርቱ ወደ መጋዘን ይግባ፣ ይመዘን፣ ደረጃ ይውጣለት፣ ደረሰኙ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይመዝገብ፣ የገዢውም ገንዘብ አስቀድሞ ባንክ ይቀመጥ አለ። ከዚያ በኋላ በገበያው ላይ «ሸጥኩ» የሚል ሰው የሌለውን መሸጥ አይችልም፤ አፉ ከመጋዘኑ ጋር ታስሯል። ይህ ኢአርፒ አይደለም፣ ግን መንፈሱ ያው ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ያለ ምስክርና ያለ ዋስ ቃል የተለዋወጡት አንዱ ሌላውን ስለወደደው ሳይሆን መዝገቡ ከዕቃው ስላልተነጠለ ነው።

ይህን ስል ቆሰበር ካለችበት ከአዊ ዞን የሚመጣ ጠንካራ ተቃውሞ ይታየኛል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት አሉት፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቆሰበር በምትባለው እንጅባራ ላይ ከሚታየው የፈረስ ጉግስ በስተጀርባ ሐዘንተኛን የሚያጽናና፣ የተጣላን የሚያስታርቅ፣ ለተቸገረ የሚደርስ ትልቅ ኅብረት አለ። ለዚህ ሁሉ ኮምፒዩተር አላስፈለገውም። እንግዲህ ማደግ ከቃል አያጣላም ማለት አይደለም? ተቃውሞው ትክክል ነው፣ የሚያስተምረው ነገር ግን ከታሰበው ይለያል። ማኅበሩ ያደገው የቅርብ የሆነ ነገር በማብዛት ነው፤ አባል ሲሞት የሚደርሰው ፈረሰኛ የሟቹን ቤት የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ነው። ቃል የሚሰጠውም የሚፈጽመውም እዚያው ነው። በዚህ መንገድ የሚያድግ ንግድ ካለ፣ እያንዳንዱ ሱቅ የራሱን ገዝቶ የራሱን የሚሸጥ ከሆነ፣ ኢአርፒ አያስፈልገውም፤ የገዛውም ገንዘቡን አባክኗል። ችግሩ የሚጀምረው ቆሰበር ያለው ድንች አዲስ አበባ ላይ ተስፋ ሲሰጥበት ነው። በሰው ብዛት አልለካውም፤ ቃሉ በተሰጠበትና በሚፈጸምበት ቦታ መካከል ባለው ርቀት ነው የምለካው።

ታዲያ መዋሐድ ምንድን ነው? ለዚህ ከሶፍትዌር ሻጮች ይልቅ የእኛ ሊቃውንት የተሻለ ቃል አላቸው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መምህራን የመለኮትንና የሥጋን ነገር ሲያስረዱ ተዋሕዶን ከሚመስሉት ነገሮች አጥርተው ይለያሉ፤ ያለ ቱሳሔ፣ ማለትም ያለ መደባለቅ፣ ያለ ትድምርት፣ ማለትም ያለ መደራረብ፣ ያለ ቡዓዴ፣ ማለትም ያለ መለያየት ይላሉ። ምሥጢሩን ወደ ድንች መጋዘን ላወርድ አይደለም፤ የምዋሰው ሊቃውንቱ «አንድ ሆነ» በሚል ቃል በቀላሉ አለመርካታቸውን ነው። ብዙ ድርጅት «ሥርዓታችንን አዋሕደናል» ሲል ያደረገው መደራረብ ነው፦ የደንበኞች መዝገብ አለ፣ ፒችትሪ አለ፣ በወር መጨረሻ አንድ ምስኪን ሠራተኛ ከአንዱ ወደ ሌላው እየገለበጠ ያመሻል። ሌላው ደግሞ ከዚህ ሸሽቶ መደባለቅ ውስጥ ይወድቃል፤ ሁሉም ሰው ሁሉን ያያል፣ ሁሉም ሁሉን ይነካል፣ ሻጯ ቃሏ እንዳይታጠፍ ብላ የመጋዘኑን ቁጥር ከወንበሯ ሳትነሣ ታስተካክላለች። ዕቃ የሚያዝዘው፣ የሚረከበውና የሚከፍለው ሰው አንድ እንዳይሆን የሚያዘው የቆየ የሒሳብ ሥርዓት በአንድ ጠዋት ይፈርሳል። ተዋሕዶ የሚለው ስም የሚገባው ሦስተኛው ነው። መጋዘን ጠባቂው መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ይቀራል፣ ሒሳብ ሹሙም ሒሳብ ሹም፤ ጠባቂው 30 ኩንታል ሲያወጣ ግን ያ አንድ ድርጊት አንድ ጊዜ ይመዘገብና በዚያው ቅጽበት የሒሳቡን ሚዛንም ሻጯ የምታየውንም ቁጥር ያንቀሳቅሳል። ድርጊቱ አንድ ነው፣ የሚያዩት ዓይኖች ብዙ ናቸው።

መዝገቡ አንድ ሲሆን ስሕተቱም አንድ ይሆናል የሚል ሰው ትልቅ ነገር ተናግሯል። በ1999 እ.ኤ.አ. ሐርሺ የተባለው የአሜሪካ ቸኮሌት አምራች አዲሱን ኢአርፒውን፣ የሲቤልን የደንበኞች መዝገብና ሌላ ሥርዓት በአንድ ጊዜ አስገብቶ፣ ከረሜላ በብዛት በሚሸጥበት ወቅት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትእዛዝ ማድረስ አቃተው፤ ቸኮሌቱ ነበረ፣ መዝገቡ ግን አላየውም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ባጋጠመው ብልሽት ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ለማውጣት ቻሉ፤ ባንኩ እንዳስታወቀው ገንዘቡ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። በአንድ ቅርንጫፍ የወረቀት መዝገብ እንዲህ ያለ ስሕተት በአንድ ሌሊት አገር አያዳርስም። ይህን አልክድም። ነገር ግን የዚያው ታሪክ ሁለተኛ ገጽ አለው፦ ባንኩ ማን ምን ያህል እንደወሰደ በስም ያውቅ ነበር፣ አብዛኛውንም አስመልሷል። በተበታተነ መዝገብ ስሕተት አይጠፋም፤ አድራሻው ነው የሚጠፋው። ሌላም ነገር ያሳየናል፦ መዝገቡ ሰዎቹን ሐቀኛ አላደረጋቸውም። ኢአርፒ ቃል እንዲታወቅ ያደርጋል እንጂ እንዲከበር አያደርግም፤ ከዚህ በላይ የሚጠብቅበት ሰው ከሶፍትዌር ላይ ንስሐ እየጠየቀ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ማንም በአደባባይ የማይናገረው ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት፣ አንድ መዝገብ ለገቢዎች፣ አንድ ለራስ የመያዝ ልማድ በነጋዴው ዘንድ የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። እንዲህ ያለው ባለቤት ኢአርፒ ሲገዛ ሁለት እውነት ይዞ ወደ አንድ መዝገብ ይገባል። ከዚያ ሥርዓቱ «ለእኛ ሥራ አይመችም» ተብሎ ይጣላል፣ ጥፋቱም በኮምፒዩተር ባለሙያው ላይ ይደፈደፋል። ያልተመቸው ግን ጥያቄው ነው፦ የትኛው ነው እውነቱ? ጉዳዩ ሁልጊዜ ማጭበርበር ነው ማለቴ አይደለም። የጀርመኑ የችርቻሮ ድርጅት ሊድል በ2018 እ.ኤ.አ. ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ካፈሰሰ በኋላ የኤስኤፒ ሥራውን ሲያቋርጥ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ክምችቱን በመሸጫ ሳይሆን በመግዣ ዋጋ የመቁጠር የቆየ ልማዱን ለመተው አለመፈለጉ ነበር። ልማድም እንደ ምሥጢር ይከብዳል።

እንዲያም ሆኖ ከመዝገብ ውጭ የሚቀር እውቀት አለ፣ ይህን የዘነጋ ድርጅት ይቀጣል። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዴከረንስ የሚለውን ግራር ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት በመሐሉ ጤፍ ዘርቶ፣ በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ በዚህ ሥራ ብዙ ቤት ቀንቷል። ቅርብ ጊዜ ደግሞ የዛፉን ቅጠል የሚያጠቃ የዋግ በሽታ መጥቶ ተክሉን አድርቆታል። አዲስ አበባ ያለ ማያ ላይ የተጻፈ የከሰል ትንበያ ይህን የሚያውቀው ቅጠሉን ያየ ሰው ሲነግረው ብቻ ነው። ድንችም ይበቅላል፣ ይበሰብሳል፤ ጠባቂው በማሽተት ያውቀዋል፣ መዝገቡ 30 ኩንታል እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ የተዋሐደው ሥርዓት ጠባቂውን የሚሽር ከመሰለን ተሳስተናል፤ ይበልጥ እንድንሰማው ያስገድደናል።

ግንኙነቱ ራሱ ሲቋረጥስ? ይህ በአዊ የመላ ምት ጥያቄ አይደለም፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አዊ ባለበት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። አገልጋይ ኮምፒዩተሩ አዲስ አበባ፣ መጋዘኑ ቆሰበር የሆነ ድርጅት በዚያ ጊዜ እንደገና ሁለት ሆኗል። ጠባቂው ወደ ሞዴል 22 ወረቀቱ ይመለሳል፣ ሻጯ የቆመ ቁጥር ፊት ትቀመጣለች። ቁጥሩን የተቀበለችበት ቀንና ሰዓት ከጎኑ ካልተጻፈ፣ ድንቹን ለሁለተኛ ጊዜ ትሸጠዋለች፣ አሁንም ሳትዋሽ። ከተጻፈ ግን ሆቴሉ ሲደውል የምትመልሰው ሌላ ነገር አላት፦ «ሰኞ ማታ 30 ኩንታል ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ከቆሰበር የሰማሁት የለም።»