ከዕብ ያቃጠሉት ደብዳቤ



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዛሬው ጁሙዓ ስለ ሽሽት ትንሽ እናውጋ። በእግር ስለሚሸሸው አይደለም፤ ተኝተን ስለምንሸሸው ነው።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ከዒሻ በኋላ አልጋ ላይ ጋደም ብላችሁ ስልካችሁን "ለአምስት ደቂቃ" ትከፍታላችሁ። አንዱ ቪዲዮ ሌላውን ይጎትታል። ዓይናችሁ ሲቃጠል ቀና ስትሉ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ደስ ብሏችሁ ነው ያመሻችሁት? ብዙ ጊዜ አይደለም። ብቻ ለእነዚያ ሰዓታት ያልከፈላችሁት ብድር፣ ያላነሳችሁት ስልክ፣ ለእናታችሁ ያልነገራችሁት ውጤት ተረስቶ ነበር። ከዚያ ፈጅር ያመልጣል፣ ይነጋል፤ ያ ነገር ትናንት የተዋችሁት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ይህን የምለው ከእናንተ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ኮርስ ወደቅሁ። ለአባቴ መንገር ፈራሁ። መጀመሪያ የሸሸሁት ወደ ፊልም ነበር። እሱ ሲሰለቸኝ ወደ መስጂድ ሸሸሁ። አዎ፣ ወደ መስጂድ። ከዙህር እስከ ዒሻ ቁርኣን ይዤ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፤ ያየኝ ሁሉ "ማሻአላህ" ይለኛል። አባቴ ሲደውል ግን አላነሳም። በኋላ ሲጠይቀኝ "መስጂድ ነበርኩ" እላለሁ። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

አንድ ቀን የሚያቀሩን ኡስታዝ አጠገቤ ተቀመጡና "ልጄ፣ እዚህ የምትመጣው አላህን ፈልገህ ነው ወይስ ሰው እንዳያገኝህ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የከዕብ ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ.) ታሪክ እንደ አዲስ ያነበብኩት ያን ሰሞን ነው።

ጊዜው ሂጅራ በተደረገ በ9ኛው ዓመት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለተቡክ ዘመቻ ጥሪ አደረጉ። ሐሩሩ የበረታ፣ መንገዱ ሩቅ ነበር። መዲና ውስጥ ደግሞ ፍሬው ደርሶ ጥላው የሚያስመኝበት ወቅት ነው። ከዕብ ታመው አልነበረም፤ ችግረኛም አልነበሩም። እንዲያውም ሁለት የመጓጓዣ ግመል በአንድ ጊዜ የነበራቸው ያኔ ነው። ጠዋት ስንቅ ላዘጋጅ ብለው ይወጣሉ፤ ምንም ሳይሠሩ ይመለሳሉ። በፈለጉ ሰዓት እንደሚችሉት ለራሳቸው ይነግሩታል። ዛሬ ነገ ሲሉ ሠራዊቱ ርቆ ሄደ። አያችሁ? እምቢ አላሉም። "ቆይ" ነው ያሉት። አብዛኛው የእኛም ሽሽት "ቆይ" ማለት ነው።

ነቢዩ ሲመለሱ ከሰማንያ በላይ የቀሩ ሰዎች እየቀረቡ ሰበባቸውን ደረደሩ፣ ማሉም። ነቢዩ ከአፋቸው የወጣውን ተቀብለው ውስጣቸውን ለአላህ ተዉት። ከዕብ ገጣሚ ናቸው፤ አንደበታቸው የተባ ነው። አሳማኝ ሰበብ መፍጠር አያቅታቸውም። ተራቸው ሲደርስ ግን ምንም ሰበብ እንዳልነበራቸው ተናገሩ።

እውነት ወዲያው አላሳረፋቸውም። ከእሳቸውና እንደ እሳቸው እውነቱን ከተናገሩ ሁለት ሰሓቦች ጋር ማንም እንዳይነጋገር ታዘዘ። 50 ሌሊት! ሁለቱ ቤታቸው ተቀምጠው አለቀሱ። ከሦስቱ ወጣቱ ከዕብ ግን ይወጡ ነበር። ጀማዓ ይሰግዳሉ፣ ገበያ ይዞራሉ፤ የሚያናግራቸው የለም። ነቢዩን ሰላም ይሉና ከንፈራቸው ለመልስ ይንቀሳቀስ እንደሆነ በዓይናቸው ይፈልጋሉ። የሚወዱት የአጎታቸው ልጅ አቡ ቀታዳ እንኳ ሰላምታቸውን አልመለሱላቸውም።

በዚህ መሃል እህል ሊሸጥ ከሻም የመጣ ሰው ደብዳቤ ሰጣቸው። ከገሳን ንጉሥ የተላከ ነው። ወገኖቻቸው እንደገፏቸው መስማቱን ገልጾ ወደ እሱ ቢመጡ እንደሚንከባከባቸው ይነግራቸዋል።

እስቲ ራሳችሁን በእሳቸው ቦታ አድርጉ። ሰው ሁሉ ፊቱን ባዞረባችሁ ሰዓት ንጉሥ ሲፈልጋችሁ! ከዕብ ግን ይህም ሌላ ፈተና መሆኑ ገባቸው። ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ከተው አቃጠሉት። "ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል" ብለው አላስቀመጡትም።

በ50ኛው ንጋት ፈጅርን ሰግደው ጣሪያ ላይ ተቀምጠው ሳለ ከሰልዕ ተራራ የብስራት ጩኸት ሰሙ። ተውበታቸው ተቀባይነት አግኝቷል። ወሬው እስከ ዛሬ በሱረቱ ተውባ 118ኛ አንቀጽ ይነበባል። ንጉሡ ዘንድ ሄደው ቢሆን ኖሮ ያን ድምፅ አይሰሙትም ነበር።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ያ ደብዳቤ ለእኛም በየምሽቱ ይመጣል። ለአንዱ ተከታታይ ፊልም፣ ለአንዱ ጌም፣ ለአንዱ በርጫ፣ ለአንዱ ውርርድ ሆኖ ይመጣል። ለእኔ የመስጂድ ጥግ ሆኖ መጣ። መልእክቱ ግን አንድ ነው፤ "እዚያ ከብዶሃል፣ ወደ እኔ ና።"

ታዲያ እረፍት ክልክል ነው? በፍጹም። ሐንዘላ (ረ.ዐ.) ነቢዩ ዘንድ ሲሆኑ የሚሰማቸው ኢማን ቤት ገብተው ከልጆቻቸው ጋር ሲሆኑ ስለሚቀንስ ሙናፊቅ የሆኑ መስሏቸው ደንግጠው ነበር። ነቢዩ ለዚያም ለዚህም ጊዜ እንዳለው ነገሯቸው። መሸሽም ሁሉ ነውር አይደለም። የመካ ስቃይ ሲበረታ ሙስሊሞችን ወደዚህ ወደ ሐበሻ ምድር የላኳቸው ነቢዩ ራሳቸው ናቸው። ከሚደበድብና ከሚበድል ሰው መራቅ ሽሽት አይባልም። ለሳምንታት ከአልጋ መነሳት ላቃተው ሰውም ሐኪም ፈልጉለት እንጂ አትውቀሱት።

ታዲያ በምን እንለየው? እኔ በአንድ ጥያቄ እለየዋለሁ፤ ስለ እሱ መዋሸት ወይም መደበቅ ያስፈልገኛል? ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሓቦች በነጃሺ ፊት ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ምን እንደሚያምኑ ሲጠየቁ፣ አደጋ ቢኖረውም፣ ጃዕፈር (ረ.ዐ.) ሳይደብቁ ተናገሩ። ከመካ ሸሽተዋል፤ ከእውነት አልሸሹም። ኳስ አይታችሁ፣ ተኝታችሁ፣ ከጓደኛ ጋር ስቃችሁ ስትነሱ የተዋችሁትን ነገር ለማየት አቅም ካገኛችሁ፣ እረፍት ነበር። ስሙ ሲነሳ የበለጠ የሚያስበረግጋችሁ ከሆነ ግን ደብዳቤው ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

እኔ በመጨረሻ ለአባቴ ደወልኩ። ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል የሚያናግረኝ በአጭሩ ነበር። ያ ዝምታ ከብዶኛል። ግን ስልክ ሲጠራ መደንገጥ አቆምኩ። ኮርሱንም ደግሜ ወሰድኩ፤ መስጂዱም መስጂድ ሆነልኝ።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ዱዓ የማይመለስባት ሰዓት ያለችበት ቀን። ከዐስር በኋላ እጃችሁን ስታነሱ "ጭንቀቴን አንሳልኝ" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የሸሻችሁትን ነገር በስሙ ጥሩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጭንቀትና ከሐዘን፣ ከአቅመ ቢስነትና ከስንፍና፣ ከዕዳ ጫናም በአላህ ሲጠበቁ እያንዳንዱን በስሙ ይጠሩት ነበር። እናንተም ብድሩን፣ ውጤቱን፣ የተቀየማችሁትን ሰው በስሙ ጥሩ። ከዚያ ከመግሪብ በፊት ያቺን የፈራችኋትን አንዲት ስልክ ደውሉ።

አላህ እውነቱን ለመናገር ድፍረቱን፣ ከተናገርን በኋላ ለሚመጣው ሌሊት ደግሞ ሶብሩን ይስጠን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።