በሌላ ሰው እጅ ስለ መግደል

ኤልዛቤል በናቡቴ ላይ ድንጋይ አልወረወረችም፤ ደብዳቤ ጽፋ በንጉሡ ማኅተም አተመች እንጂ። ዳሩ ግን የናቡቴ ደም ከወርዋሪዎቹ ይልቅ ከእርስዋና ከአክዓብ ተፈለገ። እንግዲህ ገዳይ የሚባለው ማን ነው? እጁን በደም የነከረው ብቻ ነውን? ወይስ በእልፍኙ ተቀምጦ ያዘዘውም ነው?

ይህ ጥያቄ በአሜሪካ አገር በድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ማኅበር ዘንድ ዳግመኛ ተነሥቶ ነበር። ማኅበሩ የተቋቋመው፥ ከምድር በታች በጨለማ የሚሠራ ድኻ ብቻውን ሆኖ ባለጠጋውን አሠሪ ሊቋቋም ስለማይችል ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ እየቀነሰ ያስቀመጠው ገንዘብ ጋሻው ነበረ። በ1969 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ከማኅበሩ ሹሞች አንዱ የነበረ ጆሴፍ ያብሎንስኪ፥ የማኅበሩን ፕሬዚዳንት ቶኒ ቦይልን በገንዘብ ማባከን ከሶ በምርጫ ተወዳደረው። ተሸነፈ፤ ነገር ግን ምርጫው ተጭበርብሯል ብሎ ለመንግሥት አመለከተ። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ገና ሳይነጋ በሌሊት ሦስት ቅጥረኞች ወደ ቤቱ ገብተው እርሱን፥ ሚስቱንና ሴት ልጁን በጥይት ገደሉ።

ለግድያው የተመደበው 20,000 ዶላር ከማኅበሩ ሣጥን የወጣ ነበር። ገንዘቡ የድካም ዋጋ ተብሎ በጡረታ ላሉ ሽማግሌዎች በቼክ ተሰጠ፤ እነርሱም ቼኩን መንዝረው ጥሬውን ገንዘብ ለሹሞቹ መለሱ።

እነሆ፥ ያዘዘው መሣሪያ አልያዘም፤ የከፈለው ሬሳ አላየም፤ ሽማግሌውም የፈረመው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። እያንዳንዱ፥ ድርሻዬ ትንሽ ናት እያለ ኅሊናውን ያስተኛል። ነገር ግን ደም እንደ እንጀራ ተቆርሶ የሚካፈሉት አይደለም፤ በመቶ ሰው እጅ ቢያልፍም ላዘዘው ሙሉውን ሆኖ ይደርሰዋል። ሳያውቅ የፈረመ ሰው በደሉ ካዘዘው ጋር እኩል አይደለም፤ ቢሆንም ስሙን ለሐሰት ማዋሱን አንድ ጊዜ እንኳ ቢጠይቅ ኖሮ መንገዱ ሊዘጋ ይችል ነበር።

ሕግም ይህን አረጋገጠ። ቦይል በ1974 ዓ.ም. በነፍስ ግድያ ተፈረደበት፤ በይግባኝ ፍርዱ ተሽሮ በ1978 ዓ.ም. እንደ ገና ተፈረደበት፤ በ1985 ዓ.ም. እስረኛ ሳለ ሞተ። እንዲህ ያለውም ሰው ሁለት ጊዜ መሰማቱ የፍርድ ክብር እንጂ ድካም አይደለም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ እንዲህ ያለ ማኅበር ቢፈርስ ይሻላል ይል ይሆናል። ነገር ግን እረኛው ተኩላ ሆነ ተብሎ በጎች አይታረዱም። ፍርድ ቤት በ1972 ዓ.ም. ያንን ምርጫ ሻረ፤ ቆፋሪዎቹም በዚያው ዓመት ዳግመኛ መርጠው፥ ሳንባው በከሰል ትቢያ የታመመውን አርኖልድ ሚለርን ሾሙ። ጋሻውን ከወንበዴ እጅ ያስጣሉት ባለቤቶቹ ናቸው።

ስለዚህ የድኾችን ሣጥን ቁልፍ የያዘ ሁሉ ሒሳቡን በብርሃን ያድርግ፤ ገንዘቡን ያዋጣውም መጠየቅን አያፍርበት። ያ ክፉ ሥራ የተጀመረው በጥይት አይደለም፤ ማንም ባልመረመረው ወረቀት ነው።