ሰማያዊ መብረቅ አታውርዱ

ልጆቼ፣ ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛ ከብባችሁ ባለ 20 ገጽ ዳይስ የምትወረውሩ፣ ከዘንዶና ከጠንቋይ ጋር ስትታገሉ የምታመሹ፣ ይህ ምክር ለእናንተ ነው። ወላጆቻችሁ «አሸናፊ የሌለው ጨዋታ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» ቢሉ አትፍረዱባቸው። እኔ ከዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጋር ከተዋወቅሁ ቆይቻለሁ፤ ለዓመታት የዘለቀ ቡድንም፣ በወሩ የፈረሰ ቡድንም አይቻለሁ። ቡድን የሚፈርሰው ዘንዶው በርትቶ አይደለም። አንዱ ሲያስቸግር ሌሎቹ ዝም ስለሚሉ ነው።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡት። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1979፣ ጋይጋክስ ለጨዋታ መሪዎች (ለዲኤሞች) ባሳተመው መመሪያ ውስጥ አስቸጋሪ ተጫዋች እንዴት እንደሚያዝ ጻፈ። ምክሩን ሳነበው ዛሬም ያስቀኛል። የአጥፊው ገጸ ባሕርይ አናት ላይ ከሰማይ ሰማያዊ መብረቅ አውርዱበት ይላል። ሳይታሰብ የምትመታ መንፈስ መሰል ሙሚ ላኩበት፤ ከካሪዝማውም አንድ ነጥብ እስከ ወዲያኛው ቀንሱበት። ይህን ሁሉ ዘርዝሮ ሲያበቃ፣ የመጨረሻው መፍትሔ ሰውየውን ከጨዋታው ማስወጣት ነው ብሎ ይደመድማል። የመጨረሻዋን ያዙለት፤ መብረቁን ተዉት።

ለምን ቢባል፣ በታሪኩ ውስጥ የሚላክ ቅጣት አሽሙር ነው። በአሽሙር እኛን ማን ይስተካከለናል! ፊት ለፊት መናገር ሲያሳፍረን ነገሩን ሸፍነን እንወረውራለን፣ የሚገባውም ይገባዋል። ጠረጴዛው ላይ ግን አይገባውም። መብረቅ የወረደበት ልጅ «ዕድሌ ነው» ይላል፤ ወይም «ዲኤሙ ጠምዶኛል» ይልና ለሚቀጥለው ሳምንት በቀሉን ያሰላል። ጥፋቱ የሌላውን ንግግር እየቆረጠ ማስቸገሩ እንደሆነ የነገረው ሰው የለም። ገጸ ባሕርዩ ቆሰለ፣ ባለቤቱ እንደነበረ አለ።

ስለዚህ በሰው መካከል ያለውን ነገር በሰው ቋንቋ ተናገሩት። አንዱን ጉዳይ ቀረብ ብለን እንየው።

አምስት ሆናችሁ ትጫወታላችሁ እንበል። በታሪኩ ውስጥ ሌሊት ነው፣ ጓዶቹ፣ ፈዋሿ ክሌሪክም ጭምር፣ ዋሻ ውስጥ አርፈዋል። ሌባውን የሚጫወተው ልጅ ፈገግ ብሎ «ክሌሪኳ ስትተኛ የፈውስ መድኃኒቷን እሰርቃታለሁ» ይላል። በእ.ኤ.አ. 2014ቱ አምስተኛ እትም ይህ ጠርሙስ ዋጋው 50 ወርቅ ነው፤ ሁለት ባለ 4 ገጽ ዳይስ ተወርውሮ ሁለት ሲደመርበት የሚገኘውን ያህል ሕይወት ይመልሳል። እዚህ ግባ የሚባል ሀብት አይደለም። ክሌሪኳን የምትጫወተው ልጅ ግን ያንን ወርቅ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅማ ነው የገዛችው፤ አሁን እርሳሷን አስቀምጣ አንገቷን ደፍታለች። ዲኤሙ «እሺ፣ ወርውር» ሊል ነው።

እዚህ ላይ አስቁሙ። ዳይሱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ሙግቱ ስለ ቁጥር ይሆናል፤ ሳይወጣ ግን ገና ስለ ሰዎቹ ነው።

«ቆይ፣ ለምንድን ነው የምትሰርቃት?»

«ገጸ ባሕርዬ ሌባ ነዋ! እሱ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ስረቅ፣ ማን ከለከለህ፤ ከተማው ባለጸጋ ሞልቶታል። ከእሷ ለመስረቅ ግን መጀመሪያ እሷን ጠይቃት።»

እሷ «አልፈልግም» ካለች ነገሩ አለቀ፣ ዳይስ አይወረወርም። «እሺ ይስረቅ፣ ጠዋት ስነቃ እንተያያለን» ካለች ደግሞ ምሽቱን ሙሉ የሚያስቅ ትዕይንት አገኛችሁ። አንዱ ተጫዋች በሌላው ላይ የሚያደርገው ነገር የሚሆነው የሚደረግበት ሰው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ይህን ሕግ ያጸደቀ ቡድን ከግማሽ በላይ ጠቡን አስቀድሞ ገላግሏል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«ገጸ ባሕርዬ እንዲህ ነው» የምትለዋን ሰበብ ግን በትዕግሥት አትለፏት። ገጸ ባሕርዩን ማን ፈጠረው? ወረቀቱ ላይ ለጠባዩ «ኬኦቲክ ኒውትራል» ብሎ የጻፈው ራሱ አይደለም? ያው ሌባ ከዚች ክሌሪክ ላለመስረቅ ምክንያት አያጣም፤ ከሞት አድናው ይሆናል፣ አምላኳን ይፈራ ይሆናል። ምክንያቱን መፈለግ የባለቤቱ ሥራ ነው።

በሌላ በኩል፣ ያስቸገረ ሁሉ ባለጌ አይደለም። ግሌን ብላኮው እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾች ከጨዋታው የሚፈልጉትን በአራት ከፍሎት ነበር፤ ኃይል ማካበት፣ ገጸ ባሕርይን መኖር፣ የጦር ስልት፣ ታሪክ መተረክ። ለውጊያ የመጣውን ልጅ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከንጉሥ አማካሪዎች ጋር ስታደራድሩት ብታመሹ ስልኩን መጎርጎሩ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው ፓራኖያ በተባለው ጨዋታ ደግሞ ጓደኛን አሳልፎ መስጠት ራሱ ጨዋታው ነው፤ እዚያ የማይከዳው ሰው ነው የሚያሰለቸው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ ምን እንደምትፈልጉ፣ ምን እንደማትፈልጉ ተነጋገሩ። «ሰሽን ዜሮ» የምትሉት እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ለዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የወጣው የታሻ መጽሐፍ ሳይቀር ቦታ ሰጥቶታል። ጆን ስታቭሮፑሎስ ያስተዋወቀውን ኤክስ ካርድም ጠረጴዛው መሀል አኑሩት፤ የሚረብሽ ነገር ሲመጣ ካርዱን የነካ ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ ትዕይንቱ ይታለፍለታል። የእኛ ልጆች «ይህ ይከብደኛል» ማለት ስለሚያሳፍራቸው ካርዱ ለእነሱ በተለይ ይጠቅማል።

መጽሐፍ እየጠቀሰ የሚከራከረውን ልጅ ብዙ አትጨነቁበት። ዲኤሙ ይፍረድ፣ ክርክሩ ከጨዋታው በኋላ ይቀጥል። ሕግ ሲጠፋባችሁም ያንኑ ልጅ ጠይቁት፤ የሚጠየቅ ሰው ሳይጠየቅ መናገሩን ይቀንሳል።

ማስቸገሩ ሲደጋገም ግን አስቸጋሪውን ለብቻው አነጋግሩት። አንድ ሰው ይሂድ፤ አምስት ሆኖ አንዱን መክበብ ሽምግልና ሳይሆን ችሎት ነው። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትጻፉ፣ ሰው ፊት የተዋረደ ሰው የሚያስበው ስለ ጥፋቱ ሳይሆን ስለ ክብሩ ነው። ያደረገውን እንጂ የሆነውን አትንገሩት። «ራስ ወዳድ ነህ» ብትሉት ይጣላችኋል፤ «ትናንት እሷ ስትናገር ደጋግመህ አቋረጥካት፣ በመጨረሻ መናገር ተወች» ብትሉት ሊክደው አይችልም። ከዚያ ጠይቁት፣ ዝም ብላችሁም ስሙት። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ሳይተኛ የመጣ ልጅ የሚነጫነጨው በእናንተ ላይ ላይሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት አንድ ወሰን አለው። በገጸ ባሕርዩ አፍ ሴት ተጫዋችን የሚያሸማቅቅ፣ በጨዋታ ስም የሰው ዘር ወይም ሃይማኖት የሚሳደብ ሰው ማስጠንቀቂያ አይገባውም። ያኔውኑ ጨዋታውን አቁሙና አስወጡት። እሷ ራሷ እስክትናገር አትጠብቁ፤ የሰማ ሁሉ የመናገር ግዴታ አለበት።

አስቸጋሪው ዲኤሙ ራሱ ሲሆንስ? እናንተ ምንም ብትመርጡ ታሪኩን ወዳቀደበት ብቻ የሚጎትት፣ የፈጠረውን ጀግና ከእናንተ በላይ የሚያነግሥ ዲኤም ጥቂት አይደለም። ለእሱም ያው ነው፤ ለብቻው፣ በተጨባጭ ነገር፣ በጊዜ። ካልሰማ ሌላ ሰው ይምራ። ያ ወንበር ርስት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው አስቸጋሪው የአክስት ልጅ ሲሆን፣ ወይም የምትጫወቱት እሱ ቤት ሲሆን ነው። በስደት አገር ማኅበራችን ጠባብ ነው፤ ቅዳሜ የተለያያችሁትን ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታገኙታላችሁ፣ በሠርግም አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧችኋል። ይሉኝታው ይገባኛል። ግን ይሉኝታ ሲያሸንፍ የሚሆነውን አይቻለሁ፤ አስቸጋሪው ይቀራል፣ ጨዋዎቹ አንድ በአንድ «ሥራ በዛብኝ» እያሉ ይጠፋሉ። ዘመዳችሁን «ይህ ጨዋታ አብረን የምንችለው አልሆነም፤ ቡና ግን እንጠጣለን» በሉት፣ ቡናውንም የእውነት ጠጡ። ቤቱ የእሱ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ፣ ጠፍቶ አያውቅም። እስከዚያው ይህን ስታነቡ ፊታችሁ ላይ የመጣ አንድ ሰው ካለ፣ ከመጪው ቅዳሜ በፊት ደውሉለት።