ከበሉ በኋላ የሚመጣ ረሃብ

ያልበላ ይደክማል፣ የበላ ይበረታል የሚለው እምነት ከየዕለቱ ኑሮ የተቀዳ በመሆኑ ማስረጃ አምጣ የሚለው ሰው የለም። ይሁን እንጂ ከበሉ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ላብ ላብ የሚላቸው፣ ልባቸው በኃይል የሚመታ፣ አንዱን አንቀጽ ደጋግመው አንብበው ምንም የማይጨብጡ ሰዎች አሉ። የእነዚህ ሰዎች ሁኔታ የተለመደውን እምነት ይገለብጠዋል፤ ድካሙን ያመጣባቸው የበሉት ምግብ ሊሆን ይችላልና። ሕክምና ይህን ሪአክቲቭ ሃይፖግላይሴሚያ ይለዋል፤ ሰውነት ለምግብ በሚሰጠው ምላሽ ሳቢያ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከሚገባው በታች መውረድ ማለት ነው። አብሮት የሚመጣው የአእምሮ መፍዘዝ ራሱን የቻለ የበሽታ ስም ሳይሆን፣ ማተኮር ሲያቅት፣ ቃል ከአፍ ሲጠፋና ቀላል ውሳኔ ሲከብድ ለሚሰማ ስሜት የተሰጠ የወል መጠሪያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ከበሽታው አልፎ ይሄዳል፤ ሕመሙ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል ተብሎ በጥርጣሬ የሚኖር ሰው፣ ማሰቢያው ራሱ በሚፈዝበት ሰዓት ስለ ራሱ ምን ሊያውቅ ይችላል፣ በምንስ ይጠየቃል?

የነገሩ አሠራር ይህን ይመስላል። ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ በባዶ ሆድ ሲወሰዱ ቶሎ ወደ ግሉኮስ፣ ማለትም ሰውነት ለኃይል ወደሚጠቀምበት ቀላል ስኳር ተለውጠው ደም ውስጥ ይገባሉ፤ ቆሽትም ስኳሩን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባውን ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። በአንዳንድ ሰዎች ግን ኢንሱሊኑ ዘግይቶ ወይም ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ ይመጣና፣ ከምግቡ የመጣው ስኳር ካለቀ በኋላም ሥራውን ይቀጥላል። የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ሰዎች ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፤ በሌሎች ላይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ተለይቶ አይታወቅም። የደም ስኳር በአንድ ዴሲሊትር ከ65 እስከ 70 ሚሊግራም ወዳለው መጠን ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን ይለቃል፤ መንቀጥቀጡ፣ ላቡና የልብ ምቱ የዚህ ሆርሞን ሥራዎች ናቸው። ከ55 በታች መውረድ ሲጀምር ደግሞ አንጎል ራሱ ይራባል። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነት በዕረፍት ላይ ከሚያቃጥለው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ የራሱ ጎተራ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ጉበት ስኳርን ግላይኮጅን በተባለ መልክ እንደሚያከማች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሳየው ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር፣ ነፃ ሕይወት የሚቻለው የሰውነት ውስጣዊ ሁኔታ ሳይናወጥ ሲጸና እንደሆነ አስተምሯል። በርናር የተናገረው ስለ ሥነ ሕይወት ነበር፤ ሐሳቡ ግን ለፈላስፋም ቀላል አይደለም፤ ሰው የእኔ ፈቃድ የሚለው ነገር እርሱ በማያየውና በማያዘው ሚዛን ላይ ቆሟል ማለት ነውና።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ይህ ሚዛን በየቀኑ ይፈተናል። ከአያት፣ ከሰሚት፣ ከጎሮ ወይም ከሲኤምሲ ተነስቶ ቦሌ ወዳለው መሥሪያ ቤቱ የሚሄድ ሠራተኛ፣ የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ ለመቅደም ሲል ገና በ12 ሰዓት ተኩል ዳቦውን በሻይ አጣጥሞ ይወጣል፤ 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ፊደሉ ይደበዝዝበታል፣ የባልደረባው ቀላል ጥያቄ ያስቆጣዋል፣ ጣቶቹ መርገብገብ ይጀምራሉ። ታች ወርዶ ሁለት ማንኪያ ስኳር የጨመረበት ማኪያቶ በቦምቦሊኖ ሲወስድ ወዲያው ነቃ ይላል፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግን ያው ድካም ተመልሶ ይመጣል። ጨጓራዬ ነው ይላል፣ ግፊቴ ወርዶ ይሆናል ይላል፣ ደም ማነስም ይጠረጥራል። አጠገቡ ያለችው ባልደረባው በዐቢይ ጾም ሰሞን እስከ 9 ሰዓት እህል ሳትቀምስ፣ ሲመቻትም ቦሌ መድኃኔ ዓለም ቅዳሴ አስቀድሳ ተመልሳ ሥራዋን ረጋ ብላ ስትሠራ ያያታል፤ የበላው እርሱ ፈዞ፣ ያልበላችው እርሷ ነቅታ ስትገኝም ግራ ይገባዋል። እንዲህ ያለ ነገር ተቃርኖ ቢመስልም ሥነ አካላዊ ማብራሪያ አለው። በጾመኛዋ ደም ውስጥ ኢንሱሊን ዝቅ ብሎ ስለሚቆይ ጉበቷ ያከማቸውን ስኳር በዝግታ ይለቃል፤ በእርሱ ደም ውስጥ ግን ከፍ ያለው ኢንሱሊን ጉበቱን ከዚህ ሥራ ይከለክለዋል። ይህ ለአንድ ሰው የተስማማ ጾም ለሁሉም ይስማማል ማለት አይደለም፤ ከሁለቱ ድካም ጀርባ ያለው ታሪክ አንድ አለመሆኑን ብቻ ያሳያል።

ኅብረተሰቡ ታሪኩን የሚያነበው ግን በሥነ ምግባር መነጽር ነው። ረሃብን መቻል እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት፣ ኦርቶዶክሱ ሁዳዴን 55 ቀን፣ ረቡዕንና ዓርብን ዓመቱን ሙሉ ከጥቂት ሳምንታት በቀር በሚጾምበት፣ ሙስሊሙ ረመዳንን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ በሚጾምበት አገር፣ በልቼ ደከመኝ ማለት ያሳፍራል። ሰውየው ሰነፍ፣ ሆዳም ወይም ትዕግሥት የሌለው ተብሎ ይፈረድበታል፤ ከሁሉ የሚከፋው እርሱ ራሱ ፍርዱን ማመኑ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ይራራሉ፤ የጾም ሥርዓታቸው ሕሙማንን ነፃ ያደርጋል። ነገር ግን ነፃነቱ የሚሰጠው ታማሚ ለተባለ ነው፤ በጥርጣሬ የሚኖረው ሰው ደግሞ ከታማሚም ከጤነኛም ወገን ያልተቆጠረ ነው። ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ሁኔታውን ቢያስረዳና «ልጄ፣ ሐኪም ምን አለህ?» ቢሉት የሚመልሰው የለውም፤ ሐኪሙ ምንም የለብህም ብሎታልና። ቢጾም ጤናውን የበደለ፣ ባይጾም ሰበብ የፈለገ እየመሰለው በሁለቱም በኩል ኅሊናው ይወቅሰዋል።

ሐኪሙ ምንም የለብህም ያለው በምን ተመርኩዞ ነው? ከገርጂ እስከ መገናኛ፣ ከቦሌ እስከ አያት ባሉት ክሊኒኮች የተለመደው ምርመራ ጠዋት በባዶ ሆድ የሚደረግ የስኳር ልኬት ነው። ይህ ልኬት የስኳር በሽታን ለመለየት ተገቢና ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን 2 ሰዓት ላይ ሳይበሉ የተገኘ 88 ወይም 92 የሚል ቁጥር፣ ከበሉ ከሰዓታት በኋላ ስለሚሆነው ነገር የሚናገረው የለም። ጥያቄው በተሳሳተ ሰዓት ተጠይቋል፤ መልሱ እውነት ቢሆንም የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም አለን ዊፕል ያስቀመጣቸው ሦስት መስፈርቶች ዛሬም ድረስ የሚሠራባቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ የስኳር መውረድን የሚመስሉ ስሜቶች መኖር፣ ስሜቶቹ በተሰሙበት በዚያው ሰዓት የተለካው ስኳር ዝቅ ብሎ መገኘት፣ ስኳሩ ሲስተካከልም ስሜቶቹ መጥፋት። የመስፈርቶቹ ፍልስፍናዊ ብርታት የሰውየውን ስሜትም ቁጥሩንም ለየብቻቸው አለማመናቸው ላይ ነው። ስሜት ብቻውን ያሳስታል፤ ጭንቀትም ያንቀጠቅጣል፣ ቡና የበዛበት ልብም ይመታል። ቁጥርም ብቻውን ያሳስታል፤ ብዙ ግሉኮስ ጠጥተው ለሰዓታት ከሚለኩ ጤነኞች መካከል ምንም ሳይሰማቸው ስኳራቸው ዝቅ የሚል ጥቂት አይደሉም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የጣት መለኪያም ዓለም አቀፍ ደረጃው የሚፈቅድለት የስህተት ወሰን በዝቅተኛ ቁጥሮች ላይ እስከ 15 ሚሊግራም ስለሚደርስ፣ 60 ብሎ ያሳየው እውነቱ 50 ወይም 70 ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ምስክሮች በአንድ ሰዓት ሲገናኙ ብቻ ነው ቃላቸው የሚጸናው።

ሕክምና ራሱ በዚህ ጉዳይ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሄዶ ያውቃል። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ከተገኘ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1924፣ አሜሪካዊው ሲል ሃሪስ ኢንሱሊን ሳይወጉ እንደተወጋ ሰው የሚሆኑ ሕሙማን መኖራቸውን ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ስያሜው ከሐኪሞች እጅ ወጥቶ ለድካም ሁሉ ማብራሪያ እስከ መሆን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሦስት ታላላቅ የአሜሪካ የሕክምና ማኅበራት ነገሩ ከልክ በላይ ተራግቧል የሚል የጋራ መግለጫ አወጡ። መግለጫው ትክክል ነበር፤ ሆኖም ብዙዎች ከእርሱ የወሰዱት ትምህርት ከበሉ በኋላ ደከመኝ የሚል ሁሉ በሐሳቡ የታመመ ነው የሚል ሆነ፤ ይህ ደግሞ ትክክል አልነበረም። በሕመሙ ሰዓት የተለካው ስኳር ደህና ሆኖ ቢገኝ የሚፈርሰው ማብራሪያው እንጂ ሕመሙ አይደለም። ከምግብ በኋላ እነዚህን ስሜቶች እያሳየ ስኳሩ ግን ያልወረደ ሰው በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የራሱ ስያሜ ያለው የታወቀ ታካሚ ነው። መፍዘዙ ከእንቅልፍ ማነስ፣ ከእውነተኛ ደም ማነስ፣ ከእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ውሃ ካለመጠጣት ወይም ከጭንቀት ሊመጣ ስለሚችል፣ ምንም የለብህም የሚለው መልስ ምርመራውን መጀመር በሚገባው ቦታ ላይ ይዘጋዋል።

የተጠያቂነት ጥያቄም ይቀራል። በፈዘዘበት ሰዓት ባልደረባውን ያስቀየመ፣ ሒሳብ የሳተ፣ ልጁን ያለ በደል የተቆጣ ሰው ስኳሬ ነው ብሎ ማለፍ ይችላልን? አሪስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር መጽሐፉ 7ኛ ክፍል፣ መልካሙን እያወቀ ተቃራኒውን የሚያደርግ ሰው እንዴት ይኖራል የሚለውን ሲመረምር፣ እንዲህ ያለውን ሰው ከሰከረና ከተኛ ሰው ጋር ያነጻጽረዋል፤ ዕውቀቱ አለው፣ በዚያች ሰዓት ግን አይሠራለትም። ዕውቀቱ እንዴት እንደሚመለስ መጠየቅ ያለባቸውም የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ናቸው ብሎ ጉዳዩን ለእነርሱ ይተዋል። ይህ መተው ትልቅ ትሕትና ነው፤ ፈላስፋው የራሱ ጥያቄ ግማሽ መልስ በሰውነት ጥናት ውስጥ እንዳለ ተቀብሏልና። ግን ደግሞ ሰካራም ከመጠጣቱ በፊት ያልሰከረ ሰው ነበር። በሚፈዝበት ሰዓት ለሚሆነው ነገር ሙሉ ጌታ ያልሆነው ሰው፣ አእምሮው ብሩህ በሆነበት ሰዓት የሚመጣውን ሰዓት የማዘጋጀት ግዴታ አለበት፤ ኃላፊነቱ ሳይጠፋ ከ3 ሰዓት ተኩል ወደ 12 ሰዓት ተኩል ይዛወራል። ዝግጅቱም ከአቅም በላይ አይደለም፤ ዳቦውን ከእንቁላል ጋር፣ በጾም ቀን ከሽሮ፣ ከምስር ወይም ከለውዝ ቅቤ ጋር መብላት፣ የሻዩን ስኳር መቀነስ፣ ከባድ ውሳኔንና ከባድ ንግግርን ከዚያች ሰዓት ማራቅ፣ በመሳቢያ ውስጥ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ማስቀመጥ። መክሰስን የሥርዓት አካል ያደረጉት እናቶች ይህን ያለ መለኪያ ያውቁት ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

ሰውን ወደ ስኳር መጠን ማውረድ ክብሩን መቀነስ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ ተቃውሞው መልካም ስጋት ይዟል፣ ድምዳሜው ግን አያስኬድም። ቁጣው ሁሉ የስኳር ነው የሚል ሰው ራሱን ከኃላፊነት ያወጣል፤ ቁጣው ሁሉ የጠባዩ ነው የሚለው ደግሞ የሌለበትን ኃጢአት ይሸከማል። ለሰው ክብር የሚስማማው ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ መድከም ነው፤ በዚህ ድካም ውስጥ ደግሞ ሐኪሙ፣ አሠሪውና የንስሐ አባቱ መቼ ነው የሚሰማህ ብለው በመጠየቅ ድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል።

ስለዚህ ይህ ሁኔታ የሚያጋጥመው አንባቢ የበላውን ምግብ፣ የበላበትን ሰዓትና ስሜቱ የመጣበትን ሰዓት ለሁለት ሳምንት ያህል ይመዝግብ፤ ቢቻል ስሜቱ በተሰማው ሰዓት ስኳሩን ይለካ፤ ማስታወሻውንም ይዞ ሐኪም ያማክር። ራሱን የሚስት፣ የሚቃዥ፣ ወይም ስሜቱ ሳይበላ በቆየበት ሰዓትና በሌሊት የሚመጣበት ሰው ግን መዝገብ ሊይዝ አይቆይ፤ በባዶ ሆድ የሚወርድ ስኳር የሌላ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ለስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ጉዳዩ የተለየ ነውና የመድኃኒቱን መጠን ያዘዘለትን ሐኪም ሳይጠይቅ አይጹም።