የቁጥር 17 ዜና

ጎንደር ላይ በአንድ ኮሌጅ አብረው የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ከተመረቁ ወዲህ በየዓመቱ ይገናኛሉ፤ ቀኑም ቃና ዘገሊላ ነው፣ ቅዱስ ሚካኤልን ሸኝተው ሲመለሱ። የክፍል አለቃ የነበረው ሰው የድሮውን ስም መጥሪያ አልጣለውም። እንደ ተማሪነታቸው ጊዜ በተራ ቁጥር ይጠራቸዋል። የተጠራው «አቤት» ብሎ ይነሣል፤ የዓመቱን ዜና ይናገራል፤ አለቃው በቁጥሩ ትይዩ ይጽፋል።

መጀመሪያ ዜናው ቅጥር ነበር። ቀጥሎ ሠርግ ሆነ፤ ከዚያ ክርስትና፤ ከዚያ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ቤትና መኪና። ከአርባ ወዲያ አንዱ ልጁ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ሲያወራ፣ ሌላው የስኳሩንና የግፊቱን ያወራ ጀመር።

ረጅሙ ዜና የቁጥር 17 ነበር። ካርቱም ገባ፤ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ፤ ሱቁ ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ አራት ሆኑ። መስመሩ አልበቃው ብሎ ጽሑፉ ወደ ኅዳጉ ይወጣ ነበር።

አጭሩ የቁጥር 18 ነበር። ይቺ ሴት ባሏን ተከትላ በመተማ ወደ ሱዳን ተሻገረች፤ ባሏ ሲሞት ገዳሪፍ ቀረች፤ ከሰሊጥ ገበያው ዳር ቡና ታፈላለች። ዜናዋን የሚያመላልሰው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። «እህቴ፣ ምን አዲስ ነገር አለ ብለውሻል» ይላታል። «ደኅና ናት በላቸው» ትለዋለች። አለቃው በመጀመሪያው ዓመት «ደኅና ናት» ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው «እንደ አምናው» አለ። ከዚያ በኋላ ጭረት ብቻ አደረገ።

ቁጥር 17 ለጥምቀት ሲመጣ በገዳሪፍ ያልፋል። ማለፉን ያልፋል፤ አይወርድም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር። የካርቱም ሐበሻ የፋሲካ ዶሮውን ገዝቶ፣ ሙስሊም ጎረቤቱ የረመዳንን ማፍጠሪያ እያሰበ ሳለ፣ የጦር ሠራዊቱና የፈጥኖ ደራሹ ኃይል ከተማው መሐል ተኩስ ገጠሙ። ባንክ ተዘጋ። ሱቅ ተዘረፈ። ቁጥር 17 መኪናውን ኬላ ላይ ተቀማ፤ በሰው ጭነት ላይ ተንጠልጥሎ በዋድ መዳኒ በኩል ገዳሪፍ ደረሰ። ከዚያ እስከ ጋላባት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድልድዩን ሲሻገሩ መተማ ዮሐንስ። መኪና ሞልቷል፤ የሚሳፈርበት ገንዘብ ግን የለውም።

አንዲት ጀበና አጠገብ ቆመ። ቡናው ሸተተው፤ ለመጠየቅ አፈረ። ሴትዮዋ ከፍሙ ቀና ብላ አየችው። ጎንበስ አለች፤ እንደገና አየችው።

«ቁጥር 17!»

«አቤት!» አለ፤ ሳያስበው።

በስም መጥሪያው ከእሱ ቀጥላ የምትጠራው እሷ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ የእሱን «አቤት» ሰምታ ነው የራሷን ያለችው።

በርጩማ ሳበችለት። ዝንጅብል የገባበት ቡና ቀዳችለት። «ሱቆችህስ?» አላለችም። «ምን ሆንክ?» አላለችም። አቦሉን ጠጣ፤ ቶናውን ጠጣ። በረካው ላይ የገንዘብ ጣሳዋን አነሣችና ማዳበሪያ ላይ ገለበጠችው። የቀን ገቢዋን በመዳፏ መሐል ለመሐል ከፈለችው፤ አልቆጠረችውም። የተቀዳደደውን ብር ወደ ራሷ ሳበች፤ ደኅና ደኅናውን ወደ እሱ ገፋች።

«ይኼ መተማ ያደርስሃል። መኪናው ነገ ነው። ዛሬ ልጆቼ ጋር ታድራለህ።»

«እኔ እኮ በዚህ ሳልፍ...»

«ቡናህ ይቀዘቅዛል» አለችው።

በ2016 ጥምቀት አለቃው እንደ ልማዱ ጠራ። «ቁጥር 17!»

«አቤት» አለና ተነሣ። የደረሰበትን ሁሉም ስለሰማ ዝም አሉ። «ዘንድሮ የእኔ ዜና አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ነው» አለ።

አለቃው ጣቱን ዝቅ አደረገ። ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት። ቁጥር 17 የነገረውን ሲጽፍበት ገጹ አለቀ።

በዓመቱ ሰው ሁሉ ብልሃቱን ተምሮ መጣ። አንዱ «ለእገሌ ልጅ የትምህርት ቤት ከፈልኩ» አለ። ሌላው «እገሌን አሳክሜአለሁ» አለ። አለቃው ብዕሩን ከደነ። «ይኼን ከአንተ አልጽፍም፤ እገሌ ይንገረኝ» አለ። ያን ጊዜ ብዙ መስመር ባዶ ቀረ። ዝምተኞቹ ሁለት ሦስቱ ግን፣ ሳይነሡ ሞላላቸው።

ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ሰሊጥ የሚያመርት ሰው ይህን ያውቀዋል። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ በየክምሩ ሲቆም ነዶ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ እንዲያውም ረጅሙ ዓይን ይስባል። ልኩ የሚታወቀው ደርቆ ሸራ ላይ ሲገለበጥ ነው። የረገፈው ይሰፈራል፤ አገዳው ይጣላል።

የአርባ አምስት ዓመት ሰው ብዙ ዜና አለው፤ ውሸትም አይደለም። ቤቱ ቤት ነው፤ ዲግሪውም ዲግሪ ነው። ብቻ የድሮ ጓደኛ «እንዴት ከረምክ?» ሲለን፣ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራለት የአገዳውን ቁመት ነው።

አለቃውም ቢሆን አልዋሸም። «ደኅና ናት» ብሎ የጻፈው እውነት ነበር። ያልጠየቀው፣ ደኅንነቷ ከእሷ ተርፎ ለስንት ሰው እንደሚበቃ ነው።