አንደኛው ማን ነው?

ለመሆኑ አንደኛ የወጣ ሁሉ ይበልጣል? ይህን ጥያቄ የቀሰቀሰብኝ ፈላስፋ አይደለም፤ የአሮጌ መኪናዎች እሽቅድምድም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄይ ላም የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በካሊፎርኒያ የአማተሮች የረጅም ሰዓት ውድድር ጀመረ። አሜሪካኖች ገዢውን የሚያቃጥል ብልሹ መኪና «ሎሚ» ይሉታል። ላምም በዝነኛው የፈረንሳይ የለማን ውድድር ላይ ቀልዶ የራሱን «የሎሚዎች 24 ሰዓት» አለው።

ዋናው ደንብ አጭር ነው፤ መኪናው ከ500 ዶላር በላይ አይፈጅም። ፍሬን፣ ጎማና የአሽከርካሪውን ነፍስ የሚጠብቀው የብረት ማቀፊያ ግን ከሒሳቡ ውጭ ናቸው፤ በሰው ሕይወት ላይ ቁጠባ የለም። ታዲያ ማን እውነቱን ይናገራል? ዳኞቹ መኪናውን ዞረው ያዩና ከልኩ አልፏል ባሉት በየ10 ዶላሩ አንድ የቅጣት ዙር ይጭናሉ። አዘጋጁም ከፈለገ መኪናውን በ500 ዶላር የመግዛት መብት በደንቡ ለራሱ አስቀምጦ ነበር። «ያወጣሁበት 500 ብቻ ነው» ያለ ሰው «እንግዲያው በ500 ሽጥልን» ሲባል ምን ይመልሳል?

እኔን የነካኝ ግን ሌላው ነው። ዳኞቹ መኪናዎቹን በሦስት ምድብ ይከፍላሉ፤ ማሸነፍ የሚችል፣ ምናልባት የሚጨርስ፣ ጨርሶ ተስፋ የሌለው። ብዙ ዙር የዞረው ያሸንፋል፤ ድሉን ማንም አይነካበትም። ትልቁ ክብር ግን ይሄዳል ተብሎ ያልታሰበውን ያህል ለሄደው መኪና ይሰጣል።

ይህን ሳነብ የስድስተኛ ክፍል ካርዴ ትዝ አለኝ። ከ72 ተማሪ 3ኛ ወጥቼ፣ በወላጆች ቀን አንድ ደርዘን ደብተር ተሸለምኩ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አብሮኝ በአንድ ዴስክ የሚቀመጠው ጓደኛዬ 19ኛ ነበር። እኔ ቤት ገብቼ ሳጠና እሱ ጫማ ይጠርጋል፤ የቤት ሥራውንም የሚሠራው ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ የሊስትሮ ሣጥኑን ጠረጴዛ አድርጎ ነው። ያን ቀን እጁ እስኪቀላ አጨበጨበልኝ።

«እንዲህ ከሆነማ ሰነፍ ሁሉ ችግሩን ያመካኛል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ግን በሎሚዎቹ ውድድርም መኪና ስለተበላሸ አይሸለምም፤ ሲዞር ስለዋለ እንጂ። የእኔም 3ኛነት የውሸት አልነበረም። የጎደለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ «ማን ቀደመ?» ከተባለ በኋላ «ማን ከየት ተነሥቶ እዚህ ደረሰ?» የሚለው።

ይህን ጥያቄ የምንሸሸው፣ ይመስለኛል፣ መልሱ ዳኛ ስለሚፈልግ ነው። ነጥብ መደመር ማንንም አያስወቅስም፤ ሰውን ከነመነሻው መመዘን ግን ያሳስታል፣ ያስወቅሳል። ቢሆንም ስህተትን ፈርቶ አለመመዘንም ፍርድ ነው፤ ያውም ሁልጊዜ በአንድ ወገን ላይ የሚወድቅ።

ከእነዚያ ደብተሮች አንዱን እንኳ ለጓደኛዬ አለመስጠቴ ዛሬም ይቆጨኛል።